አዋሳኙ ሐይቅ የሆነ መሬት

ጣና ዳር ያለ ማሳ የይዞታ ደብተሩ ሲገለጥ አዋሳኞቹ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ተጽፈው ይገኛሉ፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በደቡብ እገሊት፣ በሰሜን ሐይቅ። ሦስቱ ቦታቸው ላይ ናቸው። እገሌ ድንበር ቢገፋ ሽማግሌ ይቀመጥበታል፤ መንገዱ ቢሰፋ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ ይጠራል። አራተኛው አዋሳኝ ግን በክረምት ይመጣል፣ በበጋ ይሄዳል፤ ሲመጣ አያስፈቅድ፣ ሲሄድ አያስረክብ።

ደብተሩን የጻፈው ኮሚቴ አልዋሸም፤ ያየውን ነው የጻፈው። ችግሩ «ሐይቅ» የሚለው ቃል የመስከረሙን ውሃ ይሁን የግንቦቱን፣ የዘንድሮውን ይሁን የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን አለመለየቱ ነው። ከባሕር ዳር ዙሪያ እስከ ሰሜን አቸፈር፣ ከኢንፍራንዝ ረግረግ እስከ ቁንዝላ፣ በጎጃም በኩል ያለው የሐይቅ ዳር ክርክር ቢፈተሽ አብዛኛው ከዚህች አንድ ቃል የሚነሣ ይመስለኛል። የሐይቅ ወሰን በሜትር፣ በከፍታ ቁጥር መጻፍ ነበረበት። ይህን ለማለት የሕግ ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ውሃው እንዴት እንደሚነሣና እንደሚወርድ ማወቅ ይበቃል።

ስለ ባሕር ከፍታ መጨመር ሲወራ «ባሕር የሌለው አገር ምን አገባው» ማለት ይቀናናል። ቁጥሩን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። የዓለም ባሕር እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ደግሞ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ጣና ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብቻ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ይነሣል። ባሕሩ በዚያው ፍጥነቱ ቢቀጥል 400 ዓመት የሚፈጅበትን ጣና በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ልዩነቱ ባሕሩ የማይመለስ መሆኑ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች ሕግ በውሃ ተበልቶ የቀረን መሬት ይዳኛል፤ እኛ የሚያስፈልገን ሄዶ የሚመጣን መሬት የሚዳኝ ነው። ሁለቱ ግን አንድ ጥያቄ ይጋራሉ፦ ውሃው ሲንቀሳቀስ ወሰኑ አብሮት ይሄዳል ወይስ ቆሞ ይጠብቀዋል?

ከሮማውያን የወረደው የቆየ መልስ ውሃው ቀስ በቀስ ከተንቀሳቀሰ ወሰኑም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ በአንድ ጊዜ ድንገት ከዘለለ ግን ወሰኑ የነበረበት ይቆያል የሚል ነው። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣችው የባሕር ዳርቻ ሕግ ጠበቅ አደረገችው፦ ማዕበል የሚደርስበት ሁሉ የሕዝብ ነው። በዚያ መስመር ውስጥ የተገኘ የግል ቤት የባለቤትነት መብቱ ወደ 30 ዓመት የመጠቀሚያ ፈቃድ ተለወጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ማሻሻያ ጣሪያው ወደ 75 ዓመት ከፍ አለ። ከመስመሩ ወደ ውስጥም 100 ሜትር፣ ቀድሞ ከተማ በነበረ ቦታ 20 ሜትር የጥበቃ ቀጠና ተከለለ። ስፔን በብዙ ሙግት የደረሰችበት ቦታ ለእኛ መነሻችን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ገበሬው የያዘው የመጠቀም መብትና በጉልበቱ ያፈራውን ንብረት ነው። ስለዚህ ጣና ዳር «መሬቱ የማን ነው» ተብሎ የሚጀመር ክርክር መልሱ የታወቀ ነው፤ ጊዜም ያባክናል። የሚያከራክረው ማን፣ እስከየት፣ በየትኛው ወር የሚለው ነው።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ አገሪቱ ምጽዋና አሰብ ነበሯት፤ ስለዚህ የባሕር ዳርቻን ከመንገድና ከወደብ ጋር ደርድሮ የሕዝብ አገልግሎት ንብረት ነው ብሏል። ጎጃሜ ደግሞ ጣናን ባሕር ነው የሚለው፤ ከተማው ራሱ ባሕር ዳር ነው። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ግን ይህን ባሕር አስበው አልነበረም። ለጣና የሚቀርበው የ1992ቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ነው። ይህ አዋጅ የሚመለከተው የመንግሥት አካል ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ተመካክሮ የውሃ አካላትን ዳርቻ እንዲከልል፣ በተከለለው ውስጥም ዛፍ መቁረጥንና መኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጠዋል። ሥልጣን ይሰጠዋል እንጂ መስመሩን አያሰምርም። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት አይታረስም ብሎ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሲያስቀምጥ፣ ረግረግና እርጥብ መሬት ላይ ሲደርስ ግን ብዝኃ ሕይወቱ ተጠብቆ ተስማሚ በሆነ ስልት ጥቅም ላይ ይውላል ብሎ ያልፍ ነበር። ለገደሉ ቁጥር ተሰጠው፣ ለውሃው ግን ምኞት። (አዋጁ በ2016 በወጣው በቁጥር 1324 ተተክቷል፤ በክልሉ ደግሞ የ2009ኙ አዋጅ 252 አለ።)

አሁን ወደ ውሃው።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማያልፍ ጠፍጣፋ ሐይቅ ነው። ከጎጃም ተራሮች ግልገል ዓባይ ይገባበታል፤ ከማዶ ጉማራ፣ ርብና መገጭ። የሚወጣው በአንድ በር፣ በባሕር ዳር በኩል በዓባይ ነበር። በ1988 ገደማ መውጫው ላይ የጨረጨራ ግድብ በሁለት በሮች ተሠራ፤ በ1993 አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በ2002 ግንቦት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሲመረቅ ሐይቁ ሁለተኛ መውጫ አገኘ፤ 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሚረዝም ዋሻ ወደ በለስ የሚወርድ። ሐይቁ እንዲንቀሳቀስ የተፈቀደለት ከባሕር ወለል በላይ ከ1784 እስከ 1787 ሜትር ከፍታ መካከል ነው። ይህችን ሦስት ሜትር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዋሻው የታቀደለት አማካይ ፍሰት በሴኮንድ 77 ሜትር ኩብ ነው። በዓመት ሲባዛ 2.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በሐይቁ ስፋት ሲካፈል 80 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ ነው። ይህ ሁሉ ከሐይቁ ላይ ተጨምሮ ይጎድላል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ቀድሞ በዓባይ ይወጣ የነበረው ነው። የሚያሳየው የዳርቻው መስመር ከዝናብ በተጨማሪ የሰው እጅ ያለበት መሆኑን ነው። ለዚህ ምስክሩ 1995 ነው። ድርቅና ኃይል የማመንጨት ፍላጎት ተገናኝተው ውሃው ያን ዓመት ሰኔ ድረስ ከ1784.5 በታች ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ደርቆ ቀረ፣ ውሃው በሸሸበት ላይም ማረሻ ገባ። ባሕር ሸሽ የሚባለው መሬት ያን ዓመት ከወትሮው ርቆ ሄደ። ውሃው ከተመለሰ በኋላ ግን «እዚህ አርሼ ነበር» የሚለው ትዝታ ከውሃው ጋር አልሰመጠም።

(አንድ ነገር በዚሁ ይታረም፤ ጣና የሚሞላው በሕዳሴ ግድብ ምክንያት ነው የሚል ወሬ ይሰማል። የግድቡ ሐይቅ ጣሪያ 640 ሜትር ነው፤ ጣና ከ1,100 ሜትር በላይ ከእሱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ውሃ ሽቅብ አይመለስም።)

ከፍታ ወደ ርቀት ሲለወጥ ነው መሬት የሚታጣው። ዘጌ ላይ ዳርቻው ድንጋያማና ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ግማሽ ሜትር ቢነሣ ቡናው ሥር ለመድረስ ገና ነው። በመቶ ሜትር አንድ ሜትር በሚነሣ መሬት ላይ ግን ያው ግማሽ ሜትር 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 50 በ50 ሜትር መሆኑን ካሰብን፣ አንድ ሙሉ ጥማድ በውሃ ሥር ገባ ማለት ነው። በግልገል ዓባይ መግቢያ አካባቢ እንዳለው ደለል፣ በሺህ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚነሣ ሜዳ ላይ ደግሞ 500 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ከሐይቁ ይህን ያህል ሜትር ርቀት ተከልክሏል የሚል መመሪያ ሁለት ቦታ ይስታል። መቶ ሜትር ዘጌ ላይ ኮረብታ ላይ ያወጣል፤ ደለሉ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብቻ ይመክታል። ርቀት ለቢሮ ሰው ይመቻል፣ ሜትር ይዞ መሄድ ነውና። ለውሃ ግን ትርጉም የለውም።

ታዲያ ከፍታውን ማን ይለካል? እዚህ ላይ ሰው የሚፈራውን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። በእጅ ስልክ የሚታየው የከፍታ ቁጥር አይሆንም፤ ብዙ ሜትር ይስታል፣ ሐይቁ በዓመት የሚንቀሳቀሰው ግን ሜትር ተኩል ነው። የሚሆነው የእርከን ሥራ ላይ ግብርና ሠራተኞች የሚጠቀሙበት የመስመር ውሃ ልክ ነው፦ 10 ሜትር ሲባጎ፣ በየሴንቲ ሜትሩ የተሸነሸኑ ሁለት የሁለት ሜትር ዘንጎች፣ ገመዱ መሐል ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ። ሦስት ሰው ይበቃል። በሁሉም ቀበሌ ማለት ይቻላል፣ ተፋሰስ በተሠራበት፣ አንድ ቦታ ተጥሎ ይገኛል።

ዋናው ብልሃት ሐይቁን ራሱን መለኪያ ማድረግ ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ታንኳ እንኳ ሞገድ ሳይፈጥር፣ የጣና ፊት እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ነው። ያን ሰዓት ውሃው የነካው ጠርዝ ሁሉ አንድ ከፍታ አለው። በዚያው ቀን ባሕር ዳር ያለው የውሃ ከፍታ መለኪያ ስንት እንዳነበበ ይጠየቃል። መለኪያው የሚያነበው ከራሱ ዜሮ በላይ ያለውን ነውና የዜሮው ከፍታ ይደመርበታል። ይህን መደመር መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ 2.10 የሚለውን ንባብ ብቻ ጽፎ የሄደ ሰው ያመጣው ቁጥር ለማንም አይጠቅምም። ጠርዙ 1785.60 ሆነ እንበል። እስከ 1787 ድረስ 1 ሜትር ከ40 ይቀራል።

የመጀመሪያው ዘንግ ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ ገመዱ 1.50 ላይ ይታሰርበታል። ሁለተኛው 10 ሜትር ወደ ማሳው ይገባል። መሐል ያለው ሰው ውሃ ልኩን አጎንብሶ እያየ «ዝቅ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ፣ በቃ» ይላል። የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ሲቆም ሁለተኛው ዘንግ ላይ ገመዱ 1.38 ላይ ከሆነ መሬቱ 12 ሴንቲ ሜትር ተነሥቷል። ይጻፋል፣ ይታለፋል፣ ይደገማል፣ ድምሩ 1.40 እስኪሞላ። የሚበላሸው በአራት መንገድ ነው። ዘንጉ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት። ገመዱ ይረግባል፤ ይወጠር። ውሃ ልኩ ከመሐል ይሸሻል፤ አምስተኛው ሜትር ላይ ቋጠሮ ይደረግ። ውሃ ልኩ ራሱ ጠማማ ይሆናል፤ ገልብጦ መልሶ ማንበብና አማካዩን መውሰድ ነው። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፣ ምክንያቱም ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው፦ በየ10 ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢስት በሃያ እርምጃ 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ያ 200 ሜትር መሬት ነው። ስለዚህ ተመልሶ በሌላ መንገድ እስከ ውሃው ጠርዝ እየለኩ መውረድ ያስፈልጋል። መውጫውና መውረጃው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሥራው ይደገም። ወንዝ መግቢያ አጠገብ፣ በተለይ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አይለካም፤ ውሃው እዚያ ተዳፋት አለው።

ከመለካት በፊት ግን መጠየቅ ይቀድማል። «እታለም፣ ባለፈው መስከረም ውሃው የት ደረሰ?» ቢባል ዳር ያደገች ሴት ሾላውን ወይም የአጥሩን ማእዘን ታሳያለች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ሐይቁም ጉዱን የሚያሰማው መስከረም ላይ ነው፣ ዝናቡ በሐምሌና በነሐሴ ጥሎ ውሃው ዘግይቶ ይሞላልና። ሦስት ሰው ተለያይቶ ተጠይቆ ያሳየው ቦታ ሲለካ በእጅ ስፋት ልዩነት ውስጥ ከገጠመ እሱ ምስክር ነው።

ጎጃም ላይ መሬት የሚለካ ሰው ሲመጣ ሰው ለምን እንደሚሸሽ ማወቅም ያስፈልጋል። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም የተነሣው በእርሻ ገቢ ግብሩ ምክንያት ነው፤ ከግብሩም ጋር መሬት ሊለካ ነው የሚለው ፍርሃት አብሮ ነበር። የ1989ኙን የመሬት ድልድል ደግሞ የቀድሞ መንግሥታት ሹም ነበርክ በሚል «ቢሮክራት» ተብሎ መሬቱ የተቀነሰበት ሰው ዛሬም አልረሳውም። ገመድ ሲዘረጋ ያየ ሁሉ ሊቀነስበት ነው ብሎ ማሰቡ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። ለዚህ ነው ልኬቱ ከባለ ማሳዎቹ ጋር፣ በሲባጎ፣ በዓይን በሚታይ መንገድ ቢሆን የምመርጠው። ባለሙያ በመሣሪያ ቢለካው ይበልጥ ትክክል እንደሚሆን አይካድም። ሰው ያላየውን ትክክል ግን በማግሥቱ ችካሉን ይነቅለዋል።

አዲሱ፣ ሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ይህን ይፈታዋል ተብሎ ነበር። የማሳው ቅርጽ ከአየር በተነሣ ፎቶ ላይ ተሥሎ ቁጥር ተሰጥቶት ካርታ ይወጣለታል። ለአዋሳኝ ማሳዎች ጥሩ ሥራ ነው። ሐይቅ ዳር ግን አንድ ወጥመድ አለው፤ የአየር ፎቶ ደመና በሌለበት በጋ ይነሣል፣ በበጋ ደግሞ ሐይቁ እየሸሸ ነው። ፎቶው ላይ የታየው ጠርዝ የጥር ወይም የየካቲት ጠርዝ ነው። ካርታው ላይ ማሳ ሆኖ የተሣለ መሬት መስከረም ላይ ዓሣ ይዋኝበታል። ባለ ይዞታው ካርታውን ይዞ «ሐይቁ ገባብኝ» ይላል፤ ሐይቁን የሚጠብቀው ወገን «አንተ ነህ የገባህበት» ይለዋል። ሁለቱም ወረቀት አላቸው። ካርታ የሚረከብ ሰው ፎቶው የተነሣበትን ወር ቢጠይቅና በዚያ ወር የሐይቁን ከፍታ በካርታው ጀርባ ቢያስጽፍ ብዙ ዓመት ይተርፈዋል።

ውሃው ማሳውን በእርግጥ ሲበላው ምን ይደረጋል? አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የ2011ዱ የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ተወስኖ ሲወሰድ በዘላቂነት ለተነሣ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት የተሻለውን የአንድ ዓመት ገቢ በ15 አባዝቶ የልማት ተነሽ ካሣ ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል ከሦስቱ የተሻለው ዓመት 40,000 ብር ካስገባ 600,000 ይሆናል። ይህን ሰምቶ በጎርፍ የተበላ ማሳ ይዞ የሚሄድ ሰው «መሬትህ መቼ ተወሰደ?» ተብሎ ይመለሳል። መልሱ ያናድዳል፣ ግን ሕጉ ያው ነው፤ የማስለቀቅ ውሳኔ በሌለበት አዋጁ አይነሣም። የሚቀረው መንገድ ጉዳቱ በሰው ሥራ ደርሷል ብሎ ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት መክሰስ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ የሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። ወረዳ ሲመላለሱ ሁለት ዓመት እንዴት እንደሚያልቅ ሁሉም ያውቀዋል።

ማስረጃውም በብዛት የሚሰበሰበው ከተሳሳተ ቦታ ነው። ሰው ውሃው በገባበት ሳምንት የጨረጨራ በሮች ተከፍተው ነበር ወይስ ተዘግተው ብሎ ይጠይቃል። ሐይቁ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲነሣ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይጨመራል። ያችን አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ቀን ለመቀነስ ከሚገባው ላይ በሴኮንድ 350 ሜትር ኩብ ያህል ተጨማሪ ማስወጣት ይጠይቃል። በነሐሴ መጨረሻ፣ ወንዞቹ ሁሉ እየገቡ፣ በር በመክፈት የሚመለስ ውሃ ትንሽ ነው። የሰው እጅ የሚታየው ክረምቱ ሲጀምር ሐይቁ ምን ያህል ቦታ ተትቶለት ነበር በሚለው ነው። ሰኔ 30 ላይ 1785 የነበረ ሐይቅና 1786 የነበረ ሐይቅ አንድ ዓይነት ዝናብ ሲቀበሉ መስከረም ላይ አንድ ዓይነት ዳርቻ አይኖራቸውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የግንቦትና የሰኔ መዝገብ ነው። የ1787 ጣሪያ ያለፈ ውሃና ከ1787 በታች የቆየ ውሃም አንድ አይደሉም፤ ከጣሪያው በታች የራሰ ማሳ ያለው ሰው ክሱ ደካማ ነው፣ ከጣሪያው በላይ የራሰበት ግን የሚያናግር ነገር አለው።

ውሃው ሳይሸሽ የሚሠራው ሥራ ደረቅ ነው፣ ቢሆንም አይዘለልም። ጠርዙ ላይ ችካል ይተከላል፤ ችካሉና ማሳው አብረው የሚታዩበት ፎቶ ቀኑ ተጽፎ ይነሣል። የቀበሌው መሬት አስተዳደር ኮሚቴ መጥቶ አይቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ አዋሳኞች ይፈርሙበታል። የሦስት ዓመት ምርት በኩንታል፣ የቆመው ሰብል በጥማድ፣ ዛፉ በቁጥር ይዘረዘራል። ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ገብቶ አንዱ ላይ የገቢ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም ይደረግበታል፤ ማኅተም የሌለው ቅጂ ወረቀት ብቻ ነው። የመሬት መጠቀሚያ ግብሩም ይከፈል። በውሃ ሥር ላለ መሬት ግብር መክፈል ሞኝነት ይመስላል፣ ግን ያለ በቂ ምክንያት መሬት ጦም ማሳደር መብት ያሳጣል፤ ደረሰኙና ቃለ ጉባኤው ማሳው ጦም ያደረው በውሃ እንጂ በባለቤቱ ስንፍና እንዳልሆነ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ውሃ የሚወስደውን ያህል ወንዝ ያመጣል። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ጀምሮ ያጠበውን አፈር ይዞ መጥቶ አፉ ላይ ይዘረግፈዋል፣ ሐይቁ ውስጥም እንደ ምላስ ገብቷል። በሌላ አገር ሕግ ቀስ ብሎ የተጨመረ ደለል ለአጠገቡ ባለ መሬት ይሆናል። በእኛ ግን ይዞታ የሚገኘው በድልድል፣ በውርስ ወይም በስጦታ ነውና «ማሳዬ አደገ» የሚል ሙግት መቆሚያ የለውም። አዲሱ ደለል የሕዝብ ነው፤ ከሕዝቡ ውስጥ ግን ማን እንደሚያርሰው ካልተወሰነ የሚያርሰው ቀድሞ በሬ ያስገባ ነው።

ከሁሉ የሚረሳው ደንገሉ ነው። ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገል የሚቆርጡት ውሃውና መሬቱ በሚገናኙበት በዚያው ወሰን በሌለው ቦታ ላይ ነው። በማንም ደብተር ላይ «በሰሜን ደንገል፣ የታንኳ ሠሪዎች» ተብሎ አልተጻፈም። ደንገል ለማብቀል እግሩ ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ሐይቁ ርቆ ሲሸሽ ይደርቃል፣ ባሕር ሸሹ ሲታረስ ሥሩ ይነቀላል። አካባቢው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ተብሎ ሲመዘገብ ጥብቅ፣ መሸጋገሪያና ሌላም ቀጠና ተሠርቶለታል። ካርታው ጥሩ ነው። ግን ካርታው ላይ ያለው ቀጠናና ደብተሩ ላይ ያለው አዋሳኝ እርስ በርስ አይተዋወቁም።

እንግዲህ ያቺ ሦስት ሜትር። 1784 እና 1787 ሐይቁ እንዲንቀሳቀስበት የተፈቀደለት ወለልና ጣሪያ ከሆኑ፣ መብቱም በእነሱ ቢከፈል ነው የሚሻለው። ከ1787 በላይ ያለው እንደማንኛውም ማሳ ሙሉ ይዞታ ይሁን፤ ካርታ ይውጣለት፣ ይውረስ፣ ይከራይ። በሁለቱ መካከል ያለው የሐይቁ ነው፣ ሐይቁ በሌለበት ወር ግን ለሰው ይዋል፦ ከኅዳር እስከ ግንቦት ሽምብራ ወይም ጓያ፣ በዓመት ፈቃድ፣ ያለ ቤት፣ ያለ ድንጋይ ሙሌት፣ ያለ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፉን ለይቼ የማነሣው ገበሬው ስለሚወደው ነው፤ ረግረጉን የሚመጥ ዛፍ አንዴ ከቆመ «ቋሚ ንብረት አለኝ» ማስባሉ አይቀርም። ደንገል ያለበት ቦታ ከዓመት ፈቃዱ ይውጣ፤ ቆራጮቹ በስም ይመዝገቡ። የድሮውን የውሃ መዝገብ አማካይ አውጥተን እንጠቀም የሚሉም አሉ። መዝገቡ ከ1950ዎቹ ጀምሮ አለ፣ ሆኖም ከ1988 በፊት፣ ከ1988 እስከ 2002 እና ከ2002 ወዲህ ያለው ሐይቅ ሦስት ዓይነት ጠባይ ነበረው። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚወጣው አማካይ በየትኛውም ዘመን ውሃው ያልሄደበት መስመር ነው።

ይህ የሚጎዳቸው ሰዎች ይኖራሉ። ከ1787 በታች ደብተር የተሰጣቸው፣ ግብር ሲከፍሉበት የኖሩ ብዙ ናቸው፤ እነሱን «ሐይቅ ውስጥ ነበራችሁ» ብሎ ባዶ እጅ መስደድ የ1989ኙን መድገም ነው። ደብተሩን የሰጠው መንግሥት ነውና የካሣ አዋጁ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ይዞታው በውሳኔ ወደ ዓመት ፈቃድ ከተለወጠ መሬቱ ተወስዷል። ወጪው ይከብዳል ይባላል። በየመስከረሙ የሚከፈለው ግን ሳይቆጠር ያልፋል።

ምልክቱም ቀላል ይሁን፦ ሜትር ከሃያ የሚረዝም የሲሚንቶ ምሰሶ፣ ሰባው ሴንቲ ሜትር የተቀበረ፣ ከብት ቢተሻሸው የማይወድቅ፣ አናቱ ላይ 1787 የተቀረጸበት፣ ሜዳው ላይ በየ100 ሜትሩ፣ ዘጌ ላይ አልፎ አልፎ። ደብተሩ ላይ «በሰሜን ሐይቅ» የሚለው ተሰርዞ «በሰሜን 1787» ይጻፍ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ሐይቁ ያለበት ከፍታ ደግሞ በገበያ ቀን ሰው በሚያልፍበት በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ባለ ማሳው ከምሰሶው ጋር አስተያይቶ አጠገቡ ያለውን በቆሎ እሸቱን ቆርጦ ያንሣው ወይስ ይጠብቅ ራሱ እንዲወስን።